ባዶው ወንበር ላይ የታሰረው ክር

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ኔቬና የመጀመሪያውን መስመር እንኳን ማንበብ አላስፈለጋትም። እናት ልጇን ከሩቅ በአረማመዱ እንደምታውቀው አወቀችው። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሽሽት አለ።

«ከመካከላችን ራሱን ጠመኔ ብሎ የሚጠራ ሰው አለ» አሉ ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ጽቬታና። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አሥራ አራቱን መምህራን አንድ በአንድ አዩ። «ኢንተርኔት ላይ ብሎግ ከፍቶ ገመናችንን አደባባይ ያወጣ። ራሱ ይነሣልኝ ወይስ ስሙን እኔው ልጥራ?»

«እኔ አይደለሁም!» አሉ የኬሚስትሪው አቶ ጋንቾ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው። «እኔ እንኳን ብሎግ ልከፍት፣ የሞባይሌን ድምፅ የሚከፍትልኝ የልጅ ልጄ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሊስቅ ጀመረና የርዕሰ መምህርቷን ፊት አይቶ ሳቁን ዋጠው።

ኔቬና መነሣት ነበረባት፤ አልተነሣችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ላፕቶፗን ትከፍት ነበር። የልጆቹን ጉድ፣ የራሷን ድካም፣ አንድ ልጅ ማንበብ ሲገባው የሚሰማትን ደስታ፣ ሁሉንም «የጠመኔ ብናኝ» ባለችው ብሎግ ላይ ትጽፈዋለች። የከተማዋን የካሊን ዶልን ስም አንድም ቀን አላነሣችም፤ «እዚህ ተራራ ሥር» ብላ ታልፈዋለች። የልጆቹን ስም በሙሉ ቀይራለች። ለእናቷ እንኳን ትንፍሽ አላለችም። ለባንክ ዘራፊ የሚበቃ ጥንቃቄ ነበራት። አንድ ነገር ብቻ ረሳች፤ እሱም ክሩ ነው።

ማርች አንድ ቀን የስድስተኛ ክፍል ልጆቿ እንደየዓመቱ እርስ በርሳቸውና በእሷም እጅ ላይ ቀይና ነጭ ክር ሲያስሩ ዋሉ። ክሩን የሚፈታው የዓመቱን የመጀመሪያ ሽመላ ያየ ሰው ነው፤ ፈትቶም ያበበ ዛፍ ላይ ያስረዋል። አንድ ክር ተረፈ። ኔቬና የተረፈውን ወስዳ የያቮር ወንበር መደገፊያ ላይ አሰረችው። ያቮር በኦክቶበር ከእናቱ ጋር ስፔን ገብቷል፤ እናቱ እዚያ እንጆሪ ትለቅማለች። ስሙ ግን ከመዝገብ አልወጣም፤ ወይዘሮ ጽቬታና በየጠዋቱ ራሳቸው መጥተው በስሙ ትይዩ «አለ» ብለው ምልክት ያደርጉበታል። ለምን ቢባል፣ ክፍሉ አሥራ ስምንት ልጅ ካላሟላ ይታጠፋል፤ ክፍሉ ከታጠፈ ትምህርት ቤቱ ይከተላል፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ከአምስት መንደር ልጆች የሚያመጣው አውቶቡስ ይቆማል። ይህን መምህራኑ በሙሉ ያውቃሉ፣ አንዱም አይናገረውም።

ኔቬና ያን ዕለት ቤቷ ገብታ «አሥራ ስምንተኛው ልጅ» የሚል ጽሑፍ ጻፈች። የልጁን ስም ቀየረች፣ ስፔንን ጀርመን አለችው፣ ክሩን ግን እንዳለ ተወችው። ክር የታሰረበት ባዶ ወንበር ደግሞ በዚያ አካባቢ አንድ ብቻ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛዋም አይታዋለች፣ ለስብሰባ የመጣ ወላጅም አይቶታል። አይ ኔቬና! ሁሉን ደብቃ ዋናውን አሳየች።

«እኔ ነኝ» አለች ተነሥታ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«ተመስገን፣ አፍ አለሽ ለካ!» አሉ ወይዘሮ ጽቬታና። «ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቢሮ ኢንስፔክተር ይመጣል። ወሬው እነሱም ዘንድ ደርሷል። የሚጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉ እውነት ነው ወይስ ፈጠራ? ፈጠራ ነው ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ብሎጉን ደግሞ ድምጥማጡን ታጠፊዋለሽ። ያኔ ሰኞ ክፍልሽ ትገቢያለሽ።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ካልፈረምሽ እኔ እባረራለሁ። እሱ ግድ የለም፣ ስልሳ ዓመቴ ነው፣ ቲማቲሜን እተክላለሁ። አርባ ሁለት የመንደር ልጆች ግን አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ጭቃ ያቦካሉ። ይህንንም ጻፊውና አንባቢዎችሽ ያልቅሱልሽ።»

የሚያሳዝነው ነገር ሴትዮዋ ውሸት አለመናገራቸው ነው።

«ወረቀቱን ከማን አገኙት?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«ከቤቴ ሰው» አሉ ወይዘሮ ጽቬታና፣ እያንዳንዱን ቃል ረገጥ አድርገው።

ወረቀቱን ወደ ማኅደራቸው ሊመልሱት ሲያነሡት ጥጉ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ታየ፤ ጥቁር የሞተር ዘይት። ሴትዮዋ ቤት ውስጥ ያለው ሰው አንድ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደጉት የእኅታቸው ልጅ፣ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሾፌር፣ ካሜን።

ኔቬና ያንን ጣት ታውቀዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሠፈሯ ማዕዘን ላይ አውቶቡሱ ቆሞ በሩ ሲከፈት መሪው ላይ ታየው ነበር። «እንደምን አደሩ ቲቸር» ይላታል። «እንደምን አደርክ» ትለዋለች። ከዚህ ያለፈ ቃል በመካከላቸው አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ ግን ያቺን «እንደምን አደሩ» በሆዷ ይዛት ትውላለች። አባቷ የከተማው ሐኪም ነበሩ፤ እናቷ አንድ ጊዜ ኔቬና ስለ ካሜን ደግ ደጉን ስታወራ ሰምተው «የናፍጣ ሽታ ደግሞ ሽቶ መሰለሽ?» ብለዋታል። ወይዘሮ ጽቬታናም ባለፈው መኸር ኮሪደር ላይ አስቁመው «የዶክተር ልጆች የእኛን ዓይነት ሰው ለጨዋታ ነው የምትፈልጉት። ልጄን ተዪልኝ» ብለዋታል። ተወችው። ከልቧ ግን ማውጣት አልቻለችም። አሁን ደግሞ አሳልፎ የሰጣት እሱ ሆኖ ቁጭ አለ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

*

አውቶቡሱ ግቢው በር ላይ ቆሟል። የመንደር ልጆች ገና አልወጡም። ካሜን ደረጃው ላይ ተቀምጦ በአይብ የተጋገረ ቂጣውን፣ ባኒጻውን፣ በወረቀት ይዞ እየበላ ነበር፤ ሲያያት ብድግ ብሎ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ቲቸር፣ ዛሬ ቀደም ብለው...»

«እጅህን አሳየኝ» አለችው።

«ምን?»

«እጅህን!»

ግራ ገብቶት ዘረጋላት። አውራ ጣቱ ላይ ዘይቱ እንዳለ ነው፤ ቢታጠብም የማይለቅ ዘይት። አንጓው ላይ የሷን የሚመስል ቀይና ነጭ ክር ታስሯል። ዘንድሮ ብርዱ አልለቅ ብሎ ሽመላዎቹ ስለዘገዩ የአገሩ ሰው ሁሉ ክሩን እንዳሰረ ነው።

«የእኔን ጽሑፍ ወረቀት ላይ ያተምከው አንተ ነህ?»

ካሜን ቀለሙ ተለዋወጠ። መዋሸት ይችል ነበር። አልዋሸም። «አዎ» አለ። «ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ግን...»

«በቃ!»

«ላስረዳዎት፣ እባክዎ ልጨርስ...»

«ምኑን ነው የምትጨርሰው? የቀረ ነገር አለ እንዴ? ሦስት ዓመት የደበቅኩትን ለአክስትህ እንደ ገበያ ጎመን አስረክበሃል! እኔ ሞኟ ደግሞ...» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «እኔ ደግሞ በየጠዋቱ የማይህ እንደ ሰው ነበር።»

ካሜን የተመታ ያህል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በዚያው ቅጽበት ደወሉ ተደወለና ልጆቹ ቦርሳቸውን እያንገጫገጩ ከግቢው ፈሰሱ። «ቲቸር ኔቬና! ቲቸር፣ ከእኛ ጋር ልትሄጂ ነው?» እያሉ ከበቧት። የአንዷን ልጅ ፀጉር ዳበስ አድርጋ ዞረች። ቤቷ እስክትደርስ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ዝናቡ ካፊያ ነበር፣ ጃንጥላዋን መምህራን ክፍል ረስታዋለች። ስታለቅስ ያያት ሰው ዝናብ ነው ብሎ እንዲያልፍ ተመኘች።

*

ቤት ገብታ ላፕቶፗን ከፈተች። «ብሎጉን አጥፋ» የሚለው ምልክት ጥግ ላይ ነበር፤ እስከ ዛሬ ዓይኗ አርፎበት አያውቅም። ጣቷን አጠገቡ አሳረፈችና አመነታች።

በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር ልታማክረው የምትችለው፤ ያንንም ሰው አታውቀውም። ራሱን ሽመላ ብሎ የሚጠራ አንባቢ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ለእያንዳንዱ ጽሑፏ አንድ ሁለት መስመር አስተያየት ሳይተው አልፎ አያውቅም። አያሞግስም፣ አያሽቃብጥም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዟት ሁለት ሳምንት ብትጠፋ «ጠመኔው አለቀ እንዴ? ቢያንስ አለሁ በይ» ብሎ ጽፎላት ከአልጋዋ አስነሥቷት ነበር። ሰባ ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ መምህር አድርጋ ነው የምትስለው፤ ድመት ያላቸው።

«ሽመላ» ብላ ጻፈችለት። «እኔን አውቀውኛል። ነገ ብሎጉን ካላጠፋሁ ብዙ ሰው ይጎዳል። የማምነው ሰው አሳልፎ ሰጥቶኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ ወዲያው አልመጣም። ሻይ አፈላች፤ ሳትጠጣው ቀዘቀዘ። እናቷ ደውለው ባል እንዲሆናት ስለሚመኙት የፕሎቭዲቭ ከተማ የጥርስ ሐኪም ለሦስተኛ ጊዜ ነገሯት፤ እሺ እሺ ብላ ዘጋችው። ከዚያ መልሱ መጣ።

«የጎዳሽ ሰው እንኳን ዛሬ እንቅልፍ አይኖረውም። እኔ ምን ልበልሽ፣ ፈርሚ ቢሉሽ ፈርሚ፣ ልጆቹን አስቢ። ብሎጉን ግን አታጥፊው ብዬ ብለምንሽ ራስ ወዳድነት ይሆናል። ካጠፋሽው እኔ የት እገባለሁ?»

ኔቬና የመጨረሻዋን ጥያቄ ደጋግማ አነበበቻት። አንድ የማታውቀው ሰው የሚገባበት ቤት እሷ ጽሑፍ ውስጥ እንደሠራ አስባ አታውቅም ነበር።

*

ዓርብ ጠዋት አውቶቡሱ ማዕዘኑ ላይ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ። ካሜን ዓይኑ ቀልቷል። «እንደምን አደሩ» አላለም፤ እሷም አልጠበቀችም። ወደ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። የላይኛው መንደር ልጆች መስኮቱን በትንፋሻቸው አደብዝዘው ሥዕል ይሥሉበታል። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ዛሬ ሽመላ ስንፈልግ ነው የመጣነው፣ አንድም የለም!» አለቻት። ኔቬና ፈገግ ለማለት ሞከረች። እነዚህ ልጆች በጭቃ ሲመጡ ታያት። ያኔ ነው የቆረጠችው። ትፈርማለች። ትፈርምና ይብቃ።

የርዕሰ መምህርቷ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር፤ ወይዘሮ ጽቬታና፣ ኔቬናና ኢንስፔክተሩ። ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር ከንፈሩ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ሁሉን ነገር በማኅደር ካላየ የማያምን ዓይነት።

«ርዕሰ መምህርቷ ጽሑፉ የልብ ወለድ ነው ብለውኛል» አለ። «መልካም። ይኸው መግለጫው። ከመግለጫው ጋር ደግሞ የጽሑፎቹ ቅጂ ይያያዛል። በእያንዳንዱ ወረቀት ይፈርማሉ።»

«በሁሉም?»

«በሁሉም። ከፊትም ከኋላም። ኋላው ባዶም ቢሆን ይፈረምበታል፤ በኋላ ሰው እንዳይጨምርበት ነው። ደንቡ ነው።»

ወይዘሮ ጽቬታና ከመሳቢያቸው ወፍራም ጥቅል አወጡ። «ከካሜን አውቶቡስ ሰነድ ማስቀመጫ ውስጥ ያገኘሁት ነው» አሉ። ኔቬና አሁን ነው ሙሉውን ያየችው። አንድ ጽሑፍ አይደለም፣ ሁሉም ነው። ሦስት ዓመቷ በሙሉ እዚያ አለ፤ ጠርዙ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። አሳልፎ የሚሰጥ ሰው እንዲህ አድርጎ ይሰፋል እንዴ? ብላ አሰበችና ሐሳቧን መልሳ ዋጠችው። ብዕሩን አነሣች።

የመጀመሪያውን ፊት ፈረመች። ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በእርሳስ ቁጥር ተጽፏል፤ የኪሎ ሜትር ምዝገባ። ሾፌሮች ያገኙት ወረቀት ላይ ይመዘግባሉ፤ ወይዘሮ ጽቬታናም ያንን አይተው ነው ጀርባውን ንቀው የተዉት። ፈረመች።

የመጀመሪያው ዓመት ወረቀቶች ጀርባ ላይ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ከእነሱ ቀጥሎ ስለ ሾፌርና ስለ ኤሊ የጻፈችው መጣ። አንድ ጠዋት ካሜን መንገድ መሐል አውቶቡሱን አቁሞ ወርዶ ኤሊ አቅፎ ሲያሻግር አይታ፣ ቤት ገብታ በአንድ ትንፋሽ የጻፈችው። «ሕፃን እንደሚታቀፍ አቀፋት» ብላ ነበር። ፈረመችና ገለበጠችው። እዚህኛው ላይ ቁጥር የለም።

«ይህን አምስት ጊዜ አነበብኩት» ይላል የእርሳሱ ጽሑፍ፤ የትልቅ ልጅ የመሰለ፣ ያልሰለጠነ የእጅ ጽሕፈት ነው። «እስካሁን ዝም ብዬ ነበር የማነብሽ። ዛሬ ግን ማን እንደሆንሽ አወቅኩ፤ ኤሊዋን ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዲህ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። እኔ ሾፌር ነኝ፣ አንቺ የዶክተር ልጅ ነሽ፤ ምን እላለሁ? ይህን አልልክልሽም።»

ከሥሩ መስመር ተሰምሮ ሌላ ጽሑፍ አለ። «ጥሩ ጽሑፍ ነው። ኤሊዋ እንኳን ደህና ገባች። ሽመላ።»

ኔቬና ያችን አስተያየት ታውቃታለች። ቃል በቃል በልቧ ይዛታለች። በመጀመሪያ ያነበበቻት ቀን ስቃ ነበር።

ሌላ ገለበጠች። ሌላም። በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ እንዲሁ ነው፤ ከላይ ያልተላከው ረጅሙ፣ ከሥር የተላከው አጭሩ። ጉንፋን በያዛት ሳምንት «በርሽ ላይ ሾርባ ይዤ ልምጣ? ሊያስታምሙሽ የመጡት እናትሽ ቢከፍቱልኝ ምን እላለሁ?» ይላል፤ ከሥሩ «ጠመኔው አለቀ እንዴ?»። ሰባ ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ፣ ድመታቸው ጭምር፣ ዓይኗ እያየ ጠፉ። በቦታቸው ዓይኑ የቀላ ሰው ቆመ።

«ይቀጥሉ እንጂ» አለ ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አይቶ።

የመጨረሻው፣ ከስፌቱ ወጥቶ ስብሰባው ላይ የቀረበው፣ «አሥራ ስምንተኛው ልጅ» ነበር። ፊቱን አልፈረመችም። ገለበጠችው።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር እናቴ ጣሊያን አገር አሮጊት ልትጦር ስትሄድ። ሁለት ወር ትምህርት ቤት አልገባሁም። ባቡር ጣቢያ ተቀምጬ የሚወርደውን ሰው ስቆጥር ነበር የምውለው። አክስቴ በየጠዋቱ ስሜን ጠርታ ‹አለ› ብላ መዘገበችኝ። ከመባረር አዳነችኝ፣ እግዜር ይስጣት፣ እንጀራ የበላሁት በእሷ ነው። ግን ወንበሬ ላይ ክር ያሰረልኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ቶሎ እመለስ ነበር።»

ከሥሩ፦ «ልጁ ይመለሳል። ክሩን እንዳትፈቺው። ሽመላ።»

ኔቬና ብዕሩን አስቀመጠችው። ትናንት «ልጨርስ» ያላትን ሰው አፉን ዘግታ መሄዷ ትዝ አላት። ራሷን እዚያው በጥፊ ብትመታ በወደደች።

«ወይዘሮ ጽቬታና» አለች፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ። «ይህን ያንብቡልኝ።»

«የካሜን ምዝገባ ነው እሱ፣ አሁን ምን...»

«ያንብቡት። ለእርስዎ ነው የሚገባው።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። አነበቡ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከላይ ጀምረው እንደገና አነበቡት።

«ወንዝ ዳር ሲጫወት የሚውል ነበር የመሰለኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ወንዝ ዳር ነው ብዬ... ሱሪው ሁልጊዜ አቧራ ነበር። ባቡር ጣቢያ! ወይኔ ልጄን!»

ኢንስፔክተሩ ተቁነጠነጠ። «ይቅርታ፣ ምንድን ነው ነገሩ? ወይዘሪት ኔቬና፣ ጥያቄዬ አጭር ነው። ጽሑፉ ፈጠራ ነው፣ አይደል?»

አርባ ሁለት ልጆች በዓይነ ሕሊናዋ አለፉ። ያቮርም አለፈ፤ የት እንዳለ ማንም ሳይጠይቅ በየጠዋቱ «አለ» የሚባለው ያቮር።

«አይደለም» አለች። «ልጁ ከኦክቶበር ጀምሮ የለም። ክሩን ወንበሩ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ጽቬታና ይጮሁባታል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ «የፈረመው እጅ የእኔ ነው» አሉ። «እሷ ምልክት አድርጋ አታውቅም፣ አንድም ቀን። የእኔን ስም ጻፍ። ሙሉ ስሜን፣ ከነአባቴ። አውቶቡሱ እንዳይቆም ደግሞ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ከተማ ድረስ እሄዳለሁ፣ በራቸው ላይ እተኛለሁ። ይህን ግን ከዛሬ በኋላ አልዋሽም።»

ከዚያ ኔቬናን ቀና ብለው አዩዋት። ስልሳ ዓመታቸው ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ነበር።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?» አሉ፣ የድሮ ቁጣቸውን ፈልገው አጥተውት። «ሂጂ። ልጄ ታች ነው።»

*

ካሜን የአውቶቡሱን የፊት መስታወት እያጠበ ነበር። የእግሯን ድምፅ ሰምቶ ዞረ፤ ስፖንጁን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ ላይ ትናንት የተወችበት ነገር እንዳለ ነው።

«ፈረሙ?» አላት።

«አልፈረምኩም።»

«ብሎጉስ?»

«አለ።»

ስፖንጁን ጨመቀው። «እንግዲህ አውቶቡሱ ሊቆም ነው» አለ።

«ሊቆም ይችላል። እኔም ሰኞ ክፍል አልገባ ይሆናል።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ መስታወቱ ዞረ። የተናደደ ሰው አይመስልም፤ የለመደበት ሰው ነው የሚመስለው። ያ ደግሞ ከቁጣ የባሰ አንጀቷን በላው። ኔቬና ተጠግታ ክንዷን ዘረጋችለት።

«ፍታልኝ።»

«ምኑን?»

«ክሩን።»

ካሜን ግራ በመጋባት አያት። «ሽመላ ሳይታይማ አይፈታም ቲቸር። ገና አልመጣም። በቀን ስድሳ ኪሎ ሜትር እነዳለሁ፣ አንድ እንኳን አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«የት?»

«ወረቀት ጀርባ ላይ» አለችው፣ እንባዋ ሳይፈቀድለት እየወረደ። «‹ኤሊዋ እንኳን ደህና ገባች› ይላል።»

ስፖንጁ ከእጁ ወደቀ። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ቀላ፤ እዚያው በተገኘበት የሚሰወርበት ቦታ የሚፈልግ ይመስል ወደ አውቶቡሱ፣ ወደ በሩ፣ ወደ ሰማዩ አየ። «ሁሉንም አነበብሽው?» አላት። «አንቺ» ማለቱን እሱም አላወቀም።

«ሁሉንም። ሾርባውን ጭምር።»

«ወይ አምላኬ!»

«ብታመጣው እናቴ ይከፍቱልህ ነበር። ያንተ ጥፋት እሱ ነው። የእኔ ጥፋት ይበልጣል። ትናንት ልጨርስ ብለኸኝ አላስጨረስኩህም። ይቅር በለኝ ካሜን።»

በረጠበ ጣቱ ክሩን ለመፍታት ጀመረ። ቋጠሮው ሦስት ሳምንት የቆየ ነው፣ ጠብቋል። ፈትቶ ሲጨርስ ክሩ ላይ ትንሽ የዘይት አሻራ ቀረ። በግቢው ውስጥ ያበበ ዛፍ አልነበረም። ካሜን ዙሪያውን አየና ክሩን የራሱ ክር አጠገብ እጁ ላይ አደረገው፤ እሷ አሰረችለት።

«በል አሁን ጨርስ» አለችው። «‹ያተምኩት እኔ ነኝ፤ ግን› ብለህ ነበር ያቆምከው። ግን ምን?»

ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈውን ሁሉ ሳይልክ ያስቀረ ሰው ነው፤ ቶሎ አልመጣለትም። ላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ የስድስተኛ ክፍል ልጆች ተደርድረው መስታወቱን ይደበድባሉ፣ አቶ ጋንቾም ከመካከላቸው አንገታቸውን አስግገዋል። ካሜን አንዱንም አላየም።

«ላይኛው መንደር ኢንተርኔት የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ጠዋት ጠዋት ልጆቹ እስኪሰበሰቡ እዚያ ብቻዬን እጠብቃለሁ። ለዚያ ነው ያተምኩት። ግን...» ዋጥ አደረገ። «ግን እውነቱን ከፈለግሽ፣ እናቴ ከሄደች ጀምሮ እዚያ ባቡር ጣቢያ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። የተነሣሁት አንቺን ማንበብ ስጀምር ነው።»

ኔቬና ግንባሯን እርጥብ ጃኬቱ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። የናፍጣ ሽታ ነበረው። ሰኞ ማን እንደሚያስተምር፣ ማን እንደሚነዳ ሁለቱም አያውቁም ነበር፤ ልጆቹ ላይ ሆነው ይጮሃሉ፣ ከተማው ሁሉ ከምሳ በፊት ይሰማዋል፣ እናቷም ይደውላሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማን እንደሚያያት ግድ አልሰጣትም።